በኮቪድ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ምን ይሆን ነበር?

ሆስፒታል ውስጥ «አልጋ የለም» ብሎ ሰው መመለስ የማይችል አንድ ክፍል አለ። ድንገተኛ ክፍል ነው። ዋርድ፣ ሕመምተኛ ተኝቶ የሚታከምበት ክፍል፣ ሲሞላ ሞላ ይባላል። ፅኑ ሕሙማን ክፍል አሥር አልጋ ካለው አሥር ሰው ይይዛል፣ አለቀ። ተመላላሽ ክሊኒኩ ማታ ቆልፎ ይሄዳል። እኛ ጋ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን ሰው በሸክም፣ በባጃጅ፣ በላዳ፣ በአምቡላንስ ይመጣል፤ አልጋ ከሌለ ስትሬቸር ላይ፣ ስትሬቸር ከሌለ ወንበር ላይ፣ ወንበርም ከጠፋ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ይታያል።

እኔ ነርስ ነኝ። ኮቪድ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድንገተኛ ክፍል እሠራ ነበር። ሰው «ያኔ እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ከባድ ነበር» ብዬ አልፋለሁ። ከባድ ማለት ግን ምን ማለት ነው? ምኑ ነበር የከበደው? በሽታው እንዳይዘን መፍራታችን? እሱም ነበር፣ አልዋሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ ባለው ጊዜ ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ80,000 እስከ 180,000 የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሞተዋል። ቢሆንም ብዙዎቻችንን ለዓመታት ተከትሎን የቀረው ፍርሃቱ አይደለም ባይ ነኝ። ሌላ ነገር ነው። እሱን ለማስረዳት ክፍሉ በደህናው ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ መጀመሪያ ልንገራችሁ።

በሩ ላይ ትሪያጅ የሚባል ሥራ አለ። መለየት ማለት ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ አሠራሩም ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከናፖሊዮን ጦር ሐኪም ከዶሚኒክ ዣን ላሬ ጋር ነው። ሰውየው ያለው ቀላል ነገር ነው፦ ማዕረግ አይታይ፣ ቁስሉ የከፋው ቀድሞ ይታከም። ዛሬ በቀለም እንሠራለን። ቀይ ከሆነ አሁኑኑ፣ ብርቱካናማ በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ አረንጓዴ የተሰጠው ደግሞ ሰዓታት ሊጠብቅ ይችላል። ለዚህ ነው እጃችሁን ቆርጧችሁ ቀድማችሁ መጥታችሁ ሳለ ከኋላችሁ የመጣ ሰውዬ ቀድሟችሁ የሚገባው። ወረፋ የሚያዘው በሰዓት አይደለም። ቀድሞ ሊሞት የሚችለው ቀድሞ ይገባል። ይህች ሕግ ለእኛ እንደ ሃይማኖት ናት። በደንብ ያዙልኝ፣ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ወረርሽኝ ሲመጣም መጀመሪያ የሚያርፈው እዚሁ ነው። ዉሃን ላይ የሆነውን እዩ። በዉሃን ማዕከላዊ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የነበረችው ዶክተር አይ ፈን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2019 የአንድ ሕመምተኛ የላብራቶሪ ውጤት ይደርሳታል። ወረቀቱ የሳርስ ኮሮናቫይረስ ይላል። ቃሉን በቀይ አክብባ ፎቶውን ለሙያ ባልደረባዋ ላከች። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ የዚያው ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ዶክተር ሊ ዌንሊያንግ ጋ ደረሰ፤ እሱም ጓደኞቹን አስጠነቀቀ፤ ፖሊስ ጠርቶ ገሠጸው፤ በፌብሩዋሪ 2020 በዚያው በሽታ ሞተ። ሊን ዓለም ያውቀዋል። ወረቀቱ የወጣው ከድንገተኛ ክፍል መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። የመጀመሪያው ሞት መጋቢት 27 ተሰማ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ብቻ ተለየ፤ ቆይቶ ኮንሰርትና ኤግዚቢሽን የምናውቅበት ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ አልጋ ተደረደረ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ድንገተኛ ሕክምና ራሱን ችሎ እንደ ስፔሻሊቲ መሰጠት የጀመረው ጥቁር አንበሳ ላይ በ2003 አካባቢ ነው። ወረርሽኙ ሲገባ ሙያው እኛ ጋ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበር ማለት ነው።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ኮቪድ ያለበት ወደተለየለት ቦታ ይሄዳል፣ ሌላው ሆስፒታል እንደ ድሮው ይቀጥላል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ሰው ኮቪድ እንዳለበት ግንባሩ ላይ ተጽፎ አይመጣም። ልቡ የደከመ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። አስም ያለበትም ያጥረዋል። ቲቢ ያስላል። የሳንባ ምች ያተኩሳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ውሃ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሲያቃስት ይመጣል። እነዚህ ሁሉ ኮቪድ ከመምጣቱ በፊትም በየቀኑ የምናያቸው ሰዎች ናቸው። አሁን ሁሉም ተጠርጣሪ ሆኑ።

ናሙና ይወሰዳል። ውጤት እስኪመጣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ መሃል ሕመምተኛው የማንም አይደለም። «አለበት» የሚል ወረቀት ከሌለው የኮቪድ ማዕከል አይቀበለውም፤ «የለበትም» የሚል ወረቀት ከሌለው ዋርድ አይቀበለውም። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ስለዚህ እኛው ጋ ይቆያል። ለሰዓታት ታስቦ የተሠራ ክፍል ሰው ለቀናት የሚያስተኛ ሆነ። ከዚያ ሰባት ሰዎች አንድ ማቆያ ክፍል ውስጥ ተኝተው፣ ከእነሱ መሃል ማን እንዳለበት፣ ማን እንደሌለበት፣ ማን ደግሞ ከጎኑ ካለው ዛሬ ሌሊት ሊይዘው እንደሆነ ሳታውቁ ተረኛ መሆንን አስቡት።

ስለ አስታማሚ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ይህ የኛ አገር ነገር ነውና። ሆስፒታል ገብታችሁ የምታውቁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ የኛን ሆስፒታል ግማሹን የሚያሠራው አስታማሚ ነው። ካርድ የሚያወጣው እሱ ነው። መድኃኒት ውስጥ ሲጠፋ ውጭ ፋርማሲ የሚሮጠው እሱ ነው። ያበላል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ሽንት ቤት ይወስዳል፣ ሌሊት «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አልቋል» ብሎ የሚቀሰቅሰን እሱ ነው። እኛ «ኧረ ውጡ፣ ክፍሉ ታፈነ» እያልን የምንቆጣቸው ሰዎች ምን ያህል ሥራ ይሠሩ እንደነበር የገባኝ በአንድ ጠዋት አስታማሚ የሚባል እንዳይገባ ሲከለከል ነው። ያ ሁሉ ሥራ እጃችን ላይ ወደቀ፤ የነርሶች ቁጥር ያው ነው፣ እንዲያውም የተያዙት ቤት ስለቀሩ ቀንሷል። ሕመምተኛው ደግሞ ከመድኃኒቱ በላይ የሰው ፊት ናፈቀው። የኛ ፊት አይታይም። መነጽር፣ ማስክ፣ የፊት ሽፋን። ስማችንን በማርከር ደረታችን ላይ እንጽፍ ነበር። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ግን አሉ።

አሁን ወደ ኦክስጅን እንምጣ። ሰው ኦክስጅን ሲባል ከግድግዳ የሚወጣ ነገር ይመስለዋል። በግድግዳ ቱቦ የሚመጣበት ሆስፒታል አለ፤ ብዙ ቦታ ግን ፖርተር እያንከባለለ የሚያመጣው ያ ረጅም ብረት ነው፣ ሲሊንደር። ሒሳቡን ላሳያችሁ። ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ ወደ 7,000 ሊትር ይይዛል። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 2 ሊትር የሚበቃው ሰው ከሁለት ቀን በላይ ይቆይለታል። ከረጢት ባለው ማስክ በደቂቃ 15 ሊትር የሚወስድ ሰው ግን ስምንት ሰዓት አይሞላውም። በደቂቃ እስከ 60 ሊትር የሚገፋው መሣሪያ ላይ ከሆነ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አሥር ሰው 15 ሊትር ላይ ካለ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ30 ሲሊንደር በላይ ያልቃል። ማን ይሞላዋል? በምን መኪና ይመጣል? መንገድ ቢዘጋስ? የኮቪድ ሞት ብዙ ጊዜ በቬንቲሌተር፣ በመተንፈሻ ማሽን፣ እጥረት ይተረካል። እኔ ያየሁት ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነገር ነው፤ የሲሊንደሩ መለኪያ፣ ጌጁ፣ ላይ ያለችው መርፌ ወደ ቀይ ስትወርድ።

አስቸጋሪው ነገር ደግሞ ኮቪድ ሰውን ማታለሉ ነው። ጣት ላይ በምትደረገው መለኪያ የደም ኦክስጅን መጠን ይነበባል፤ ሳቹሬሽን እንለዋለን። ጤነኛ ሰው ከ95 በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ስላለፈች ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከ90 ሲወርድ እንደነግጣለን። ኮቪድ የያዘው ሰው 70 እና ከዚያ በታች ሆኖ ስልክ ያወራል። «እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቼ ናቸው ያመጡኝ» ይላል። ለምን እንደዚህ ይሆናል? «አየር አጠረኝ» የሚለውን ስሜት በዋናነት የሚፈጥረው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው። በኮቪድ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ኦክስጅኑ ግን አይገባም። ማንቂያ ደወሉ አይጮህም። ስለዚህ ደህና ነኝ የሚልን፣ የሚስቅን፣ «ለወረፋ ያህል ነው የመጣሁት» የሚልን ሰው ቀይ መስጠት ነበረብን። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ያ ሰው መናገር ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ያቺን ሕግ አስታውሱ። ቀድሞ ሊሞት የሚችለው ቀድሞ ይገባል ብያለሁ። ይህ የሚሠራው ለሁሉም የሚበቃ ነገር ሲኖር ነው፤ የሚለያየው ማን ቀድሞ ያግኝ የሚለው ብቻ ሲሆን። የሚበቃ ነገር ሲጠፋ ሕጉ ይገለበጣል። አንድ የቀረ ሲሊንደር ወይም አንድ የተገኘ የፅኑ ሕሙማን አልጋ ካለ፣ ጥያቄው «ማን ነው የባሰበት?» መሆኑ ይቀርና «ማን ነው ሊተርፍ የሚችለው?» ይሆናል። የባሰበት ሰው ይዘለላል። እስከ ትናንት መጀመሪያ የምትሮጡለት ሰው ዛሬ የምትዘሉት ሰው ይሆናል። ጣሊያን ውስጥ የማደንዘዣና የፅኑ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ማርች 2020 ላይ፣ አልጋ ከጠፋ የመትረፍ ዕድልን፣ ዕድሜንም ጭምር ማየት ሊያስፈልግ ይችላል ብሎ መመሪያ ሲያወጣ ብዙ ሰው «እንዴት ይህ ይጻፋል?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን መጻፉን እደግፋለሁ። ካልተጻፈ ያው ውሳኔ መወሰኑ አይቀርም፤ የሚወስነው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻውን የቆመ ሪዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም፣ ነው፤ ጠዋት ቤቱ ይዞት የሚሄደውም እሱ ብቻውን ነው።

በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ ሁለተኛው ማዕበል ሲመጣ እኔ በምሠራበት ቦታ እንዲህ ያሉ ሌሊቶች ነበሩ። ዝርዝሩን መጻፍ አልፈልግም፤ የሰዎቹ ቤተሰቦች አሉ።

መልበስስ? ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱ መሮጥ ነው። ሰው ሲወድቅ እጃችሁ ላይ ያለውን ጥላችሁ ትሮጣላችሁ። ሳታስቡት እግራችሁ ይነሣል። ኮቪድ ይህን ከለከለ። ገብታችሁ ደረት ከመጫናችሁ በፊት ጋዎን፣ ድርብ ጓንት፣ ኤን-95 ማስክ፣ መነጽር፣ የፊት ሽፋን መልበስ አለባችሁ፤ ደረት መጫንና በቱቦ ማስተንፈስ ቫይረሱን በአየር ላይ በብዛት የሚበትኑ ነገሮች ናቸውና። ፈጠን ብላችሁ እንኳ ደቂቃዎች ይወስዳል። ልቡ የቆመ ሰው አንጎል ደግሞ አራት አምስት ደቂቃ ካለፈው መጎዳት ይጀምራል። ሁለቱን አስተያዩ። በመስታወት በኩል እያያችሁት ነው። ማሰሪያውን እያሰራችሁ ነው። አንድ ሲኒየር ሐኪም ጓንት አንድ እጁ ላይ ብቻ አድርጎ ሊገባ ሲል ጎትተን ያስቀረነው ቀን አለ። ተቆጣን፣ ሰደበን፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ልክ ማን ነበር? እኛ ነበርን። እሱ ቢታመም በሚቀጥለው ሳምንት ሃምሳ ሰው ሐኪም አያገኝም። ልክ መሆናችን ግን ምንም አላቀለለልንም።

ማውለቁ ደግሞ ከመልበሱ የባሰ ነው። ሰው ራሱን በቀላሉ የሚበክለው ሲያወልቅ ነው፤ የጋዎኑ ውጪ የነካ እጅ ፊት ሲነካ። ስለዚህ አንዴ ከለበሳችሁ ቶሎ አትወጡም፤ ቅያሪም እንደ ልብ አይገኝም። ውሃ አትጠጡም፣ ሽንት እንዳይመጣ። መነጽሩ በላብ ይሸፈናል፤ ደም ሥር የምትፈልጉት በግምት ነው።

እነዚህን ሁሉ እለምዳለሁ፣ ለምጃለሁም። ያልለመድኩት መርዶ ነው።

እኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ማለዳ ነው የሚነገረው። ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው ከፊት ይሆናል፣ የሚወድቅ ሰው ካለ የሚይዘው ሰው ቀድሞ ከጎኑ ይቀመጣል። ዋሽንግተን ወይም ቤይሩት ላለ ልጅ እንኳ በስልክ አይነገርም፤ ጓደኞቹ ይፈለጋሉ፣ ከሥራ ሲወጣ ይጠበቃል፣ ተሰብስበው ቤቱ ይሄዳሉ። ይህን ወግ ያወጡት አያቶቻችን ስለ ድንጋጤ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። እኛ ምን አደረግን? ስልክ ደወልን። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር መታን። የምታነሣው ልጅ የት እንዳለች አናውቅም። ታክሲ ውስጥ ልትሆን ትችላለች። ብቻዋን ልትሆን ትችላለች። ማስክ ውስጥ ሆነን ነው የምናወራው፣ ድምፃችን አይሰማም፣ «ምን አልሽኝ?» ስትል ደግማችሁ መናገር አለባችሁ። ደግማችሁ።

ከዚያስ በኋላ? በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። አስከሬን ቤተሰብ እንደ ወጉ አያጥበውም፣ አይገንዘውም። እድር ድንኳን አይተክልም። የህዳር በሽታ በ1911 አዲስ አበባን ሲመታ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር እየተባለ ሲወራ እንደ ተረት ነበር የምሰማው፤ ህዳር 12 ቆሻሻ ስናጥን የማን ማስታወሻ እንደሆነ ያሰብኩት ያን ዓመት ነው። ሰው ቀብሮ አልቅሶ ካልወጣለት ኀዘኑ የሆነ ቦታ ይቀመጣል። ከፊሉ እኛ ጋ ተቀመጠ። ለቅሶው ያልተለቀሰለትን ሰው መጨረሻ ላይ ያየነው እኛ ነንና።

ለዚህ ነገር የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ስም አላቸው። የህሊና ቁስል ልበለው። ጆናታን ሼይ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም ነው ያስተዋለው። ሰዎቹ የተጎዱት በፈሩት ነገር ብቻ አልነበረም፤ ልክ ነው ብለው የሚያምኑት ነገር በመጣሱም ነበር። ይህ ከተለመደው የሥራ መሰላቸት፣ በርንአውት ከሚሉት፣ ይለያል። በርንአውት ሦስት ነገር ነው ይባላል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራውና ከሰዎቹ በስሜት መራቅ፣ «የምሠራው ነገር ምን ለወጠ?» ማለት። እረፍት ይረዳዋል። የህሊና ቁስል ግን ተኝታችሁ ብትነሡም እዚያው ነው። ለምን ቢባል፣ ያጠፋችሁት ጥፋት የለም፤ የምትጠየቁበት የለም፤ ይቅርታ የምትሉት ሰውም የለም። ግን እጃችሁ ታስሮ ያያችሁት ነገር አለ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ደካማ ሆኜ ነው» ይላሉ። አይደላችሁም። ይህ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ መርፌ እንደሚወጋው፣ ወገብ እንደሚሰበረው።

ዝም ማለት ደግሞ ይገድላል። ዶክተር ሎርና ብሪን ኒው ዮርክ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ራሷ ኮቪድ ያዛት፣ ተሻላት፣ ወደዚያው ጎርፍ ተመለሰች። በኤፕሪል 2020 መጨረሻ፣ በ49 ዓመቷ ሕይወቷን አጠፋች። ቤተሰቦቿ እንደተናገሩት ለአእምሮ ጤና እርዳታ መጠየቅ የሙያ ፈቃዴን ያሳጣኛል ብላ ፈርታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ በስሟ ሕግ አወጣች፤ ለጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና ገንዘብ የሚመድብ ሕግ። እኛ አገር ስለዚህ ነገር በግልጽ ስንነጋገር አልሰማም። ይህን የምታነቡ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ ፖርተሮች፣ የፅዳት ሠራተኞች ካላችሁ፣ ሌሊት የማያስተኛችሁ ነገር ካለ ለአንድ ለምታምኑት ሰው አውሩት። ዛሬ አውሩት።

በዚያ ላይ ቤት አለ። እንግሊዞች በየሐሙሱ ማታ ደጅ ወጥተው ለጤና ሠራተኛ ያጨበጭቡ ነበር። እኛም በቴሌቪዥን ጀግኖች ተባልን። የተከራየሁበት ግቢ ግን ጀግና ማሳደር አልፈለገም። «ልጆች አሉ፣ ሌላ ቦታ ብትፈልጊ» ተባልኩ። አልፈርድባቸውም፣ ፈርተው ነው። ግን ከ24 ሰዓት ዱቲ በኋላ ልብሴን በር ላይ አውልቄ በላስቲክ ይዤ ስገባ መስኮት ሲዘጋ እሰማ ነበር። ልጄን እናቴ ጋ ወስጄ ሁለት ወር በስልክ ብቻ አየኋት።

አንድ የማይወራ ነገር ደግሞ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድንገተኛ ክፍል ሞልቶ ሳይሆን ጎድሎ ነበር። የኮቪድ ተጠርጣሪ ብዙ ነው፣ ሌላው ግን ጠፋ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ በኤፕሪል 2020 አካባቢ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው ሰው ከዓመቱ በፊት ከነበረው በ42 በመቶ ቀንሶ ነበር። የልብ ሕመም ቀረ? ስትሮክ ቀረ? ምጥ ቀረ? ሰው ሆስፒታልን ፈርቶ ቤቱ ቀረ እንጂ። ቆይተው ሲመጡ ሁሉም ነገር አልፏል። ጠዋት ቢመጣ በመርፌ የሚድን ሰው በሦስተኛው ቀን ይመጣል። «ለምን ዘገያችሁ?» ብለን ስንጠይቅ «በሽታ እንዳይዘው ብለን» ይላሉ። ምን ትላቸዋለህ?

ጥሩ ቀን አልነበረም ወይ? ነበር። ሰኔ 2012 ላይ፣ እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት ዴክሳሜታዞን ሕይወት እንደሚያተርፍ ተነገረ። ቬንቲሌተር ላይ ካሉት ሞትን በሲሶ፣ ኦክስጅን ላይ ካሉት በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። ዴክሳሜታዞን እኮ አዲስ አይደለም! ከስድሳ ዓመት በላይ ያለ፣ ርካሽ፣ መሳቢያችን ውስጥ ለአስም የምናስቀምጠው መድኃኒት ነው። ያን ዜና ስንሰማ ዱቲ ክፍል ውስጥ የጮኽነው ጩኸት ትዝ ይለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃችን ላይ ያለ ነገር በቂ ሆነ። ሕመምተኛን በሆዱ ማስተኛትም እንደዚያው ነው። ዋጋ የለውም፤ የጀርባ በኩል ያለው ሳንባ ስለሚከፈት ሳቹሬሽን 82 የነበረው ዓይናችሁ እያየ 90 ይገባል። ክትባቱ ደግሞ መጋቢት 4 ቀን 2013 በኤካ ኮተቤ ተጀመረ፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተነገረ ልክ በዓመቱ። ቅድሚያው ለጤና ሠራተኛ ነበር።

ከሰው ደግሞ የረዳን ምን ነበር? ትንሽ ትንሽ ነገር። አንዱ ሲለብስ ሌላው ከኋላ እያየ «ግራ እጅህ ተገልጧል» የሚለው። ከባዱን ውሳኔ ሦስት ሐኪም አብሮ እንዲወስን ያደረገች አንዲት ኃላፊ ነበረችን፤ በዚያ ሳምንት ሪዚደንቶቹ ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። መርዶ ስንደውልም አሠራር አበጀን። መጀመሪያ «ከማን ጋር ነሽ?» እንላለን። ብቻዋን ከሆነች «ወንድምሽን አገናኚኝ» ወይም «ቤት ስትደርሺ ደውዪልኝ» እንላለን። ትገምታለች፣ እናውቃለን። ግን ቢያንስ ታክሲ ውስጥ አትሰማውም።

ስለ ውሃ ልንገራችሁና ላብቃ። በደቂቃ 15 ሊትር ደረቅ አየር የሚነፋበት ሰው አፉ ይደርቃል፣ ምላሱ ይሰነጠቃል። ውሃ ይላል። ለማጠጣት ማስኩን ማንሣት አለባችሁ። ስታነሡት ሳቹሬሽኑ ይወርዳል፣ 85፣ 80፣ 74፣ ማሽኑ ይጮኻል። ስለዚህ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ አምስት ሚሊ ትሰጡና ማስኩን ትመልሳላችሁ፣ ቁጥሩ እስኪወጣ ትጠብቃላችሁ፣ እንደገና አምስት ሚሊ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ሌላ ስድስት ሰው እየጠበቃችሁ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንዲት ልጅ ክፍላችን መጣች። አባቷ እኛ ጋ ነው ያረፈው። መርዶውን በስልክ የነገርኳት እኔ ነበርኩ፤ በድምፄ ነው ያወቀችኝ። ካርዱን አልጠየቀችም፣ የሞተበትን ምክንያት አልጠየቀችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ «ውሃ ቀምሶ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «እኔ ነኝ ያጠጣሁት።»